እናቴ ያልተናገረችው እርግማን

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አላስታውሰውም። ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ወላይታ ሶዶ ላይ የመብራት እንጨት ወይ አልተተከለም፣ ወይ ተተክሎ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ወቅቱን ግን አልረሳሁም። ክረምት ሊገባ ሰማዩ የከበደበት፣ በቆሎው ጉልበት ላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። እኔ ያኔ አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ይዤ እቀመጥ ነበር። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም። አማርኛዬንም የለቀምኩት እዚያው በረንዳ ላይ፣ ልብስ ሊያሰፋ ከሚመጣው ሰው አፍ ነው።

እህቴ የእኔ ታላቅ ናት። የወደደችው ሰው ከሁምቦ ቆላ የመጣ የጭሰኛ ልጅ ነበር። ከባለ መሬቱ ወኪል ጋር ተጣልቶ፣ ወኪሉን በጩቤ አቁስሎ ጫካ ገባ። እሷም አንድ ቀን ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ እንስራዋ ብቻ ምንጩ ዳር ተገኘ። ከዚያ በኋላ ስማቸው ገነነ። ተበላ ወደምትባለው የሁምቦ ከተማ ለገበያ የሚወርዱትን ነጋዴዎች እያስቆሙ ጨውና አቡጀዲ ይቀሙ ነበር። እህትህ ምንሽር አንግታ ታየች የሚል ወሬ ሲመጣ ልቤ አይቀበለውም። እኔ የማውቃት ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ልጅ ነበረች።

እናታችንን አዬ ነበር የምንላት፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ከእንሰቷ ጋር ብቻዋን ትኖር ነበር። የእህቴን ስም በሰው ፊት አናነሳም። የሽፍታ ዘመድ መባል ራሱ ያሳስር ነበር። ሶዶ ላይ የማን ወንድም እንደሆንኩ የሚያውቀው የሱቁ ባለቤት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አፉን የሚጠብቅ ሰው ነበር።

በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ አዋጅ ተነገረ። ሴቲቱ ወደ ወላጆቿ ቤት ከገባች ማንም አይነካትም ተባለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከተበላ በኩል በምትመጣ አንዲት ጨው ሻጭ አማካይነት ቃል ላከች። ነይ፣ ቤትሽ ነው፣ የሚል ነበር። መልሱ ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ለጊፋታ እመጣለሁ ብላለች አለችን ጨው ሻጯ። ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። መስከረም ላይ ሲደርስ የራቀው ሁሉ ወደ ወላጁ ደጅ ይመለሳል። እናቴ ከዚያን ዕለት ጀምራ ቅቤ ማጠራቀም ያዘች።

እንግዲህ ይህን በልባችን ይዘን ስንጠብቅ ነው ያ የዘፈን ትያትር የመጣው።

ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ ነው የደረሰው። የእህቴንና የሰውዋን ስም ለውጦታል፤ ይሁን እንጂ ታሪኩ የማን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። አንድ ባዶ የቡና መጋዘን አገኙና መድረክ ሠሩበት። መጋረጃውን ከጆንያ፣ የተዋንያኑን ልብስ ከካኪና ከአቡጀዲ እንድሰፋ እኔን አዘዙኝ። ሽፍታዋን የምትሆነው ከአንድ ጠጅ ቤት የመጣች፣ ድምፅዋ የሚያምር ልጅ ነበረች። የሽፍታዋን እናት የምትሆን ሴት ግን ታጣች። ጨዋ ሴት መድረክ ላይ ወጥታ እንዴት ትዘፍናለች? ስለዚህ ቦታውን አንድ ድሬሰር ያዘ። የአረካ ሰው ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ያጥባል፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የታወቀ ድምፅ ነበረው። ቀሚሱን ስለካለት እንዲህ አለኝ።

"ወገቡን ሰፋ አድርግልኝ እንጂ ወንድሜ፤ ወላድ ነኝ እኮ።"

ሳቅኩ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም ነበር።

ልምምዱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ወዳጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየዘፈኑ ወንዝ ይሻገሩ ነበር። ይሁን፣ በዘፈን እንኳ ይሻገሩ አልኩ በሆዴ። ልብሱን ጨርሼ አስረከብኩና ለእርሻ ሥራ ወደ መንደራችን ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ አንድ ከበላይ ያሉ ሹም ልምምዱን አይተው፣ ይሄ ምን ትምህርት አለው፣ ሽፍታ እየተዘፈነለት ይሸኛል ወይ ብለው ተቆጥተው ኖሯል። አስተማሪው ፈራና መጨረሻውን ለወጠው። ይህን እኔ አልሰማሁም።

እናቴ ወሬው ደርሷት ጠየቀችኝ። ትያትር የሚባል ነገር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። እንደ ጨዋታ ነው፣ ሌላ ሰው እሷን መስሎ የሚዘፍንበት ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ እሷን የሚመስል ሰው ካለ ልየው፣ ናፍቄያለሁ አለች። በምን አፌ ቅሪ ልበላት? ይዣት ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። መጋዘኑ በሰው ታፍኗል፤ ቆርቆሮው ሙቀት ይተፋል። መድረኩ ጫካ እንዲመስል እርጥብ ሣር ጎዝጉዘው፣ የእንሰት ቅጠል አቁመውበታል። መጀመሪያው ደስ ይል ነበር። ልጅቷ እኔ የሰፋሁላትን ካኪ ለብሳ ስትወጣ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ እስከ መጨረሻውም አልለቀቀችኝም። ሁለቱ ሲዘፍኑ ሰው ያጨበጭባል፣ እናቴ ደግሞ አንገቷን እያሰገገች ልጅቷን ብቻ ታያለች።

ከዚያ ድሬሰሩ በእናት ቀሚስ ወጣ። ሰው ገና ሲያየው ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ እማማ ጢምዎን ይላጩ አለው። እሱ ግን አፉን ሲከፍት መጋዘኑ ጸጥ አለ። ዜማውን ምን ልበላችሁ፣ ከትያትሩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ቃሉ ግን እንዲህ ይላል፦

ያጠባሁሽ ወተት እሳት ሆኖ ይውረድ፣
ደጄን አትርገጪ፣ ጫካ ይሁንሽ ዘመድ።

እናቴ አማርኛ ብዙ አትሰማም። ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ከጎኗ የተቀመጠች ሴት በወላይትኛ ነገረቻት፤ እናቲቱ ልጇን ረገመቻት፣ ደጄን አትርገጪ አለቻት አለች።

በእኛ አገር የእናት እርግማን ጨዋታ አይደለም። የተረገመ ልጅ የወላጁን ደጅ አይረግጥም፤ ከረገጠ እሱም ቤቱም ይጠፋል ይባላል። እርግማኑን የሚያነሳውም ያው የተናገረው አፍ ነው። እርጥብ ሣር ይዞ፣ እንትፍ ብሎ መመረቅ አለበት።

እናቴ ክንዴን ለቀቀችና ተነሳች። ሰዉን እየገፋች ሄዳ መድረኩ ላይ ወጣች። ጎንበስ ብላ ከተጎዘጎዘው ሣር ቆረጠችና ልጅቷ ፊት ቆመች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ሰዉ ጸጥ ስላለ ግን ተሰማ።

"ልጄ፣ እኔ አልረገምኩሽም። ይህ የሰው አፍ ነው። ደጄ ክፍት ነው፣ ግቢ።"

ከዚያ እንትፍ እንትፍ አለችባት፤ ሣሩንም ራሷ ላይ አኖረች። ልጅቷ ምን እንደሆነ ሳይገባት አንገቷን ደፍታ ምርቃቱን ተቀበለች። ሰው ይህም የትያትሩ ነገር መስሎት ሳቀ፤ የገባቸው ደግሞ ዞረው እኔን አዩ። ሁለት ሰዎች እናቴን ደግፈው አወረዷት፤ ዘፈኑም ካቆመበት ቀጠለ። ሁለቱ ወዳጆች በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ጭብጨባውም ቀለጠ።

ከዚያን ቀን በኋላ የማን ወንድም እንደሆንኩ ሶዶ ላይ ያልሰማ አልነበረም። ልብስ የሚያሰፋው ሰው ሳሳ። የሱቁ ባለቤት ግን ተነስ አላለኝም፤ ሲያልፍ ሲያገድም፣ ክር አለህ ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

የከፋው ዘፈኑ ነው። ትያትሩ አልቆ ሰው ወደየቤቱ ሲሄድ ያ ዜማ አብሮት ሄደ። ተሸካሚው ሸክሙን ሲያነሳ ይለዋል፤ ልብስ የሚያጥቡት ልጃገረዶች ወንዝ ዳር ይሉታል፤ አህያ ነጂው ቁልቁል ወደ ሁምቦ እየነዳ ይለዋል። መርፌዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ዘፈኑ ወደ እህቴ ሲወርድ እሰማው ነበር። ልይዘው አልችልም።

ድሬሰሩ አንድ ቀን ወደ በረንዳው መጣ። ቤተ ክርስቲያኗ ዓለማዊ ዘፈን ዘፈነ ብላ ከመዘምራኑ አስወጥታዋለች፤ እሱ ግን ስለዚያ አልነገረኝም። ሌሎች ናቸው ኋላ የነገሩኝ። ከመኪናዬ ፊት ቆሞ፣

"ከእኔ አፍ ነው የወጣው። የወጣበት አፍ ይመልሰው" አለኝ።

ወደ እናቴ ወሰድኩት። አየችውና መጀመሪያ የጠየቀችው በልተሃል ወይ ብላ ነው። ጎዳሬ አቀረበችለት። ቀጥላ የምርቃቱን ቃል አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም በዚያው ዜማ ላይ በወላይትኛ አስገባው። ለገበያ ቀን ወደ ተበላ ወረድን። ከጨው ሻጮቹ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣና ዘፈነው። ውብ ነበር። ዜማው ግን ያው ስለሆነ ገበያው የሚያውቀውን ቃል መለሰለት፤ ደጄን አትርገጪ እያለ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ያንኑ መለሱለት። አንድ ጎረምሳ ተሸካሚ፣ አጎቴ ያኛው ይጥማል፣ እሱን ድገምልን አለው። ድሬሰሩ ከድንጋዩ ወርዶ ፊቱን በነጠላው ጠረገ።

ጨው ሻጯን እዚያው አገኘናት። አይኗን ከእኔ አሸሸች።

"ሰምታዋለች" አለችኝ። "እናትሽ አልረገመችሽም ብዬ ምያለሁ። እናቴ ካላለችው ሰው ከየት አመጣው ነው የምትለኝ።"

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነጭ ለባሽ የሚባሉት የመንግሥት ታጣቂዎች የእህቴን ሰው ከበው ገደሉት። የእሷ ወሬ ጠፋ። ጊፋታ ደረሰ። እናቴ የእንሰቱን ምግብ በዚያ ባጠራቀመችው ቅቤ ሠራች፤ በሩን ከፍታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ጎረቤት ሁሉ ይጨፍራል፣ እኛ መንገዱን እናያለን። ማንም አልመጣም። በሩን ልዝጋው ወይ ስላት፣ ተወው አለች።

ሲነጋ ለከብቱ ቅጠል ልቆርጥ ወደ እንሰቱ ወጣሁ። እህቴ እዚያ ነበረች። ከአንድ ትልቅ እንሰት ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በጎኗ ተኝታለች። ወባ አክስቷት አጥንቷ ወጥቷል። ነካኋት፤ ቀዝቅዛለች። ጎንበስ ብዬ ፊቷ ወደ ዞረበት ብመለከት በቅጠሉ መሃል የቤታችን በር ይታያል። ወለል ብሎ ተከፍቶ። ለጊፋታ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ መጣች። ደጁን ግን አልረገጠችም።

ለቅሶ የመጣ ሰው ጥቂት ነው። የሽፍታ ለቅሶ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? እናቴ ከዚያ በኋላ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በሩ ክፍት ነበር እኮ ትላለች። ለመጣው ሁሉ ትነግረዋለች፤ ሰው ከሌለ ለእንሰቱ ትነግረዋለች። በሩን እስክትሞት አልዘጋችውም፤ ብዙም አልቆየች። እኔ መኪናው ላይ እቀመጣለሁ እንጂ አልሰፋም ነበር። ካኪ ጨርቅ መቁረጥ አልችልም። ያ ዜማ በመንገድ ሲያልፍ ጆሮዬን ይዤ እጎነበሳለሁ። አሁን አርጅቼ እንኳ አንዳንዴ አንድ ሽማግሌ ሲያንጎራጉረው እሰማለሁ፤ ከየት እንደመጣ ራሱም አያውቅም።

እህቴን ያጠበልኝ፣ የጫካ እሾህ የቧጨረው ቆዳዋን ቁስል እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብሎ ያጸዳልኝ፣ መቃብሩን ከእኔ ጋር የቆፈረው አንድ ሰው ነው። ከዚያም ሥራውን ሲጨርስ እየመጣ፣ እኔ እንደገና መስፋት እስክጀምር ድረስ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። አንድም ቀን ሲዘፍን አልሰማሁትም። በሕይወት ያቆየኝ ማን ነው ብትሉኝ፣ እናቴን ሆኖ የዘፈነው ያ የአረካው ድሬሰር ነው።