የፍሪጅ ጠጋኞቹ መድረክ

ፍሪጅ ጠጋኙን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ብርዱ» ይለዋል። ስሙ ይብረድ እንጂ ሰውየው በርዶ አያውቅም፤ ቁጭ ሲል እንኳ እግሩ አያርፍም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጠጋኞች በኢንተርኔት እየተጠያየቁ የሚማማሩበት መድረክ ከፈተ። አንዱ ያስቸገረውን ዕቃ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው መላውን ይጽፍለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አባላቱ አራት ሺህ አለፉ።

ታዲያ አንድ ቀን የመድረኩን ሶፍትዌር ከሚሸጠው ድርጅት ደብዳቤ መጣ። አሮጌው ከወሩ መጨረሻ በኋላ ጥበቃ አይደረግለትም፤ ሰርጎ ገብ ቢያበላሸው ተጠያቂ የለም፤ አዲሱን የፈለገ ይክፈል ይላል። ዋጋው ወደ አንድ ወር ገቢው ይጠጋል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ አላስቀምጥ አለው። የሰው ፍሪጅ ፈትቶ ብሎኑን በኪሱ ይዞ ይመለሳል። አባላቱን ቢያማክር ገሚሱ ክፈል አለው፤ ገሚሱ ደግሞ በስልክ ነፃ ቡድን እንክፈት አለ። የስልኩን ነገር ያውቀዋል፤ ጠዋት የተጠየቀ ጥያቄ ቀትር ሳይደርስ በሰላምታና በቀልድ ተቀብሮ ይቀራል።

እስቲ ልሞክረው ብሎ የመድረኩን ቅጂ አዲሱ ላይ ጫነ። ጽሑፉ አማረ፤ የቆዩት ፎቶዎች ግን የሉም፤ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው ብሎ ዘጋው። መልሶ ከፈተው። እንደገና ዘጋው።

በማግስቱ አንዲት የማያውቃት ጠጋኝ ደወለች። የጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ቆሞባት ኖሮ፣ መድረኩ ላይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከተለጠፈ ፎቶ የሽቦውን አያያዝ አይታ አስነስታዋለች። ለለጠፈው ሰው ምስጋናዋን እንዲያደርስላት ለመነችው። ሰውየው ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጋሽ ብርዱ ይህንኑ ነገራት።

«እንግዲህ እርስዎ ይጠብቁልን» አለችው።

ይህች ቃል ከጆሮው አልወጣ ብላ ዋለች። ማታ ለሚስቱ አጫወታት። ሚስቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ነገር አታንዛዛም።

«ፎቶዎቹ የት እንደቀሩ ሻጮቹን ጠይቀሃል?»

አልጠየቀም። አራት ሺህ ሰው ሲያማክር እነሱን ረስቷቸዋል። አፍሮ ጻፈላቸው። መልሱ በሁለት ቀን መጣ፦ የቆዩ ፎቶዎች ለብቻቸው ነው የሚዛወሩት፤ ሥራው የባለቤቱ ነው።

ከፈለ። ባልና ሚስት ከሥራ መልስ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ ሲያዛውር እሷ ስታመሳክር ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። የሟቹ ፎቶ ከነጽሑፉ ቦታውን ያዘ። አዲሱ መድረክ ሲከፈት ግን የመጀመሪያው መልእክት ምስጋና አልነበረም፤ «ጋሼ፣ ፊደሉ ደቀቀብኝ» የሚል ነበር። ፊደሉን አተለቀው። ሁለት መቶ ያህል ፎቶ ግን የትም አልተገኘም። ዝርዝሩን ለጥፎ፣ ያለው ይላክልኝ ብሎ ጻፈ። ሠላሳ አንዱ ደርሰውታል፤ የቀሩት መጥተው እንደሆነ በየሰዓቱ መድረኩን እየከፈተ ያያል።