ወይባ የሞቀ ፊት

ሸዋሮቢት ውስጥ የፊት ቆዳ በአሲድ መላጥ የጀመረችው የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ከመናኸሪያው ማዶ የከፈተችው የውበት ሳሎን ሁለት ወንበርና አንድ ማራገቢያ ነበረው። እሷ ፒሊንግ ትለዋለች፤ ደንበኞቿ ልጣጭ ይሉታል። ሙሽሮች ከአጣዬና ከካራቆሬ ሚኒባስ ተሳፍረው ይመጡላታል። እኔ ያኔ ለሬዲዮ ዜና እዘግብ ነበር፤ ድምፄን አገሩ ያውቀዋል። ሁለታችን መንገድ ስንወጣ ግን ሰላምታው ሁሉ ለእሷ ነበር።

ይህስ ይለመዳል። ያልለመድኩት ታናሽ እህቴ የልቧን ለእሷ ማውራቷን ነው። የጥር ሰርጓ ሲቃረብ አንደኛ ሚዜ አድርጋ የመረጠችው እሷን ነበር።

«አንቺማ ቃለ መጠይቅ ታደርጊልኛለሽ» አለችኝ እህቴ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሰርጉ ሳምንት ጓደኛዬ የእህቴን ፊት ላጠች። በማግስቱ ጉንጮቿ እንደ በርበሬ ቀልተው አበጡ፤ ግንባሯ ውሃ ቋጠረ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተላለፈ፤ ወሬው ቀወት ገጠር ድረስ ወረደ። የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሳሎኑን አሸጉት። የከተማዋ የውበት ባለሙያዎች አሲድ እንዳይነኩ ይከልከሉ ወይስ በመመሪያ ይሥሩ የሚለውን ለመወሰን ስብሰባ ተጠራ። ክልከላው ከጸደቀ የጓደኛዬ በር እንደታሸገ ይቀራል።

እህቴ ወደተኛችበት ክፍል ስገባ ጓደኛዬ ቀድማኛለች። እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረች ፊቷ ላይ ታኖራለች። ፊቷን ያቃጠለቻት እሷ፤ እህቴ እጇን አጥብቃ የያዘችውም የእሷን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ጓደኛዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እህቴን ጠየቅኋት።

«ከመላጥሽ በፊት ፊትሽን ምን ነክቶት ነበር?»

«ምንም።»

«ቅባት? ፀሐይ?»

«ምንም አልኩሽ! ጀመርሽ ደግሞ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ የወይባ ጢስ አሙቀውኝ ነበር።»

እትዬ የምንላቸው የአባታችንን እህት ነው። የወይባ ጢስ በእኛ ቆላ የሙሽራ ወግ ነው። እንጨቱ ጉድጓድ ውስጥ ይጤሳል፤ ሴቷ ጋቢ ተከናንባ ከላይ ትቀመጣለች፤ ላቧ ይንቆረቆራል፤ ከቀናት በኋላ የላይኛው ቆዳ ተልጦ ለስላሳው ይወጣል። እትዬ ፊቷም ይጥራ ብለው ጋቢውን እስከ ራሷ ስበውባታል። ሙሽራ ግን ጢስ ሞቅሁ ብላ አታወራም፤ ነውር ነው። እህቴም ጢስ ያሳሳውን ፊት ይዛ ሄዳ አሲድ አስደረበችበት።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀችኝማ። አሁን አንቺ ንገሪላት፤ በእኔ የተነሳ እንዳይዘጉባት።»

ስለ ፊቷ አላለቀሰችም። ስለዚያ ሳሎን አለቀሰች።

ጋዜጠኛ ስብሰባ የሚገባው ሊዘግብ እንጂ ሊናገር አይደለም። ዝም ብል የሚወቅሰኝ አልነበረም፤ በሩም እንደታሸገ ይቀር ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። አዳራሹ በር ላይ ጓደኛዬን ለብቻዋ ያዝኳትና የሰማሁትን ነገርኳት።

«ውይ በሞትኩት!» አለች አፏን ይዛ። «እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግሁት! እንዴት አልጠየቅኋትም?»

«ግቢና ተናገሪ» አልኳት።

ተናገረች። ከጤና ቢሮ የመጡት ባለሙያ «ወይባ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ተቆጡ።

«ይህ የሴት ጓዳ ነገር ነው! በስብሰባ አይወራም!»

«ጋሼ፣ ጓዳ ውስጥ ስለቀረ እኮ ነው ልጅቷ የተቃጠለችው» አለቻቸው። «ጥፋቱም የእኔ ነው። ሳልጠይቅ እጄን መስደድ አልነበረብኝም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባውን በመቅረጸ ድምፄ ቀዳሁት፤ ደህና አድርጎ ይሰማ ነበር።

ክልከላው ቀረ። የውበት ባለሙያዋ እንድትሠለጥን፣ ጠንካራውን አሲድ ለሐኪም እንድትተው፣ ደካማውንም አስቀድማ ከጆሮ ሥር እንድትሞክር፣ ጢስ የሞቀችን ሴት ቆዳዋ እስኪያገግም እንድትመልስ ተወሰነ። ዜናውን ሠራሁ። ስለ ወይባው የተናገረችው እሷ ስለሆነች የእሷን ድምፅ አስገባሁ። የነገራት ሰው በዜናው ውስጥ ቦታ የለውም፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የእህቴ ፊት ድኖ ሰርጉ ሲቃረብ ሦስታችን ሳሎኑ ውስጥ ተገናኘን። ልጣጭ አልነበረም፤ ፊት ማጽዳት ብቻ ነው። ጓደኛዬ ግን እጇን ታጥባ መጀመሪያ ጠየቀች።

«ጢስ ሞቀሻል?»

«አልሞቅሁም» አለች እህቴ እየሳቀች። «ይህችን ጥያቄ በማምጣትሽ እኮ ነው የምወድሽ!»

ጓደኛዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «የእሷ ናት እንጂ የእኔ አይደለችም።»

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«እሷማ መጠየቅ ሥራዋ ነው» አለች። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለጓደኛዬ እጆች ሰጠች።