አሮጊቷ ላይ ካልተከፈተ

የታናሽ እህታችን ባል አዲሱን ስልኳን በመዶሻ ሲያደቀው እጇ ከሥር ነበር። ሁለት ጣቶቿ ከመስተዋቱ ጋር ተሰባበሩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን፣ ከእናታችን የወረሰችውን ባለቁልፍ ስልክ ግን አልነካውም።

«ይቺማ ሰዓት ማያ ናት» አለና ሳቀ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ደሙን ሊታጠብ ገባ።

ያ ስልክ ኢንተርኔት እንደሚከፍት የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ያስቻለው ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ቤታቸው ውስጥ የሚደበደቡ ሰዎች እርዳታ የሚጠሩበትን ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። የእናታችንን ዓይነት ስልክ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቶ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦታል። «አሮጊቷ» ይላታል። አዲስ ነገር በሠራ ቁጥር አሮጊቷን ይዞ ኔትወርክ እንደ ልብ ወደማይገኝበት፣ ደረጃው ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ይወርዳል። ካርቶን ላይ ተቀምጦ ገጹ እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ካልተከፈተ ተመልሶ ከገጹ ላይ ይቀንሳል። ባልደረቦቹ «ዛሬም ከአሮጊቷ ጋር ቀጠሮ አለህ?» እያሉ ይስቁበታል። ቤት ሲመጣ ደግሞ እኔ ላይ ይሞክራል። «እታለም፣ አንቺ ከከፈትሽው ማንም ይከፍተዋል» ይለኛል።

አለቃው ገጹ ላይ የሚንቀሳቀስ ካርታ ፈልጎ ነበር።

«በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ስልክ ማን ይይዛል?» አለው።

«ጥሩውን የሰበሩበት» አለ ወንድሜ።

እህታችን ከዚያ በፊትም ስልክ ተሰብሮባታል። ስለዚህ ወንድሜ መጀመሪያ ያለ ካርታ ሠራው፤ ካርታው አቅም ላለው ስልክ በኋላ ይጨመራል። አሮጌው ላይ ሥዕል የለም፤ ጥያቄ ብቻ አንድ በአንድ ይመጣል። አዎ ከሆነ አንድ፣ አይደለም ከሆነ ሁለት ይጫናል። እያንዳንዱ ጥያቄ በስልኩ ጠባብ መስኮት አንድ መስመር ላይ ማለቅ አለበት። ላልገባለት ቃል አይራራም፤ ይቆርጠዋል። የእህታችንን አድራሻም አስቀድሞ መዝግቦላታል።

እና ያን ቀን ውሃው ሲንሿሿ እየሰማች በደህናው አውራ ጣቷ ከፈተችው።

ተጎድተሻል? አንድ።

በሩ ተቆልፏል? አንድ።

ቢላ ወይም ሽጉጥ ይዟል?

ሰውየው መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሰክቶታል። እሷ ግን የተጠየቀችውን መለሰች። ሁለት።

«ሰምተናል፣ እየመጣን ነው» የሚል መልስ መጣላት።

ቢሮው ውስጥ ተረኛዋ አድራሻውን ጮክ ብላ አነበበች። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ። ሰውየው ቢላ ወይም ሽጉጥ ይዞ ቢሆን ፖሊስ እስኪመጣ መጠበቅ ደንብ ነው። አልያዘም ስለተባለ አልጠበቁም። ከቢሮው ሁለት ጥበቃዎች ጋር መኪና ውስጥ ገባ።

በሩን በትከሻቸው ሰብረው ሲገቡ ወንድሜ ቀደመ። የመጀመሪያው ምት አንገቱ ሥር አረፈ። ሲያጎነብስ ሁለተኛው ጭንቅላቱን አገኘው። ከወደቀ በኋላም መታው። ጥበቃዎቹ ሰውየውን ከግድግዳው አላትመው እስኪጥሉት ድረስ እህታችን በተሰበረ እጇ የመዶሻውን እጀታ ይዛ ወዲያና ወዲህ ተጎትታለች።

«ወንድምዬ፣ መጣህ አይደል? ተነሣ በቃ» ትለው ነበር ተደውሎልኝ ስደርስ። አልተነሣም።

ሰውየው ታስሯል። ወንድሜን ቀበርነው። ልብሱን አጥቤ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ሌላ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

እህታችን ጣቶቿ ከጄሶ ሳይወጡ ወንድሜ ቢሮ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። አለቃው ቆሞ ተቀበላት።

«ጥያቄውን ቀይሩት» አለችው። «ቢላና ሽጉጥ አትበሉ። ‹የሚመታበት ይዟል?› በሉ።»

ቀየሩት። አሮጊቷን ከወንድሜ መሳቢያ አወጣችና ደረጃው ሥር ወረደች። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ለብቻዋ መተው ስላልፈለግሁ በሩ ላይ ቆምኩ። ቆየ። ከዚያ ጥያቄው ተከፈተ።

«ገባ፣ እታለም» አለችኝ። «አንድ መስመር ላይ ገባ። ቦታም ተረፈው።»