«ብሌሴ» ማለት

ልጅ ሳለሁ፣ መተማ ውስጥ፣ የጎረቤታችን የጋሽ ደርሶ ግቢ ማታ ማታ የሰፈሩ ልጆች መሰብሰቢያ ነበር። ጋሽ ደርሶ በወጣትነታቸው ከድንበሩ ማዶ፣ ገዳሪፍ አካባቢ፣ ለፈረንሳይ ሐኪሞች አስተርጓሚ ነበሩ። ለትንኝ ብለው በሚያጨሱት እርጥብ እንጨት ዓይናችን እያለቀሰ፣ በኩራዝ ብርሃን ከበናቸው ተረት እንሰማለን፤ በመሀል ቃል ይጥሉልናል። በእንግሊዝኛ «ለንደን» ሲሉ በፈረንሳይኛ «ሎንድር» እንላለን፤ «ጀርመኒ» ሲሉ «አልማኝ»።

አንድ ምሽት ፍቺውን ሊጠይቁን «ብሌሴ» አሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የተማርኳት የእንግሊዝኛዋ «ብሌስድ» መሰለችኝና ከሁሉም ቀድሜ፣ «የተባረከ!» ብዬ ሳቅሁ።

በጥፊ አጮሉኝ። የከንፈሬ ደም ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ። ተቆጥተው እንኳ የማናውቃቸው ሰው ተመልሰው ፍሙ አጠገብ ተቀመጡ።

«የቆሰለ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ተረት ያልሆነውን ነገሩን።

ገዳሪፍ ሳሉ፣ ሰሊጥ አጫጆች የጫነ መኪና ላይ ሽፍቶች መንገድ ጠብቀው ተኮሱ። ሦስት ሰው እዚያው ወደቀ፤ ሹፌሩ ሆዱን ተመታ። በዚያ ሲያልፍ የደረሰው ፈረንሳዊ ሐኪም የእሱም መኪና ጎማዎች ስለተመቱ፣ በመገናኛ ራዲዮ ክሊኒኩን ጠራ። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ፣ «ተኩስ ነበር፤ ሹፌሩ ብሌሴ ነው» እንዳለ ራዲዮው ተቋረጠ። የሰሙት ጋሽ ደርሶ ነበሩ፤ ያኔ ፈረንሳይኛው ገና አልጠናላቸውም። ለአምቡላንሱ ሰዎች፣ «ሹፌሩን እግዜር ባርኮታል፣ ተርፏል» ብለው ተረጎሙ። አምቡላንሱ ሳይወጣ ዋለ። ሐኪሙ ቁስሉን በሸሚዙ ጠፍሮ መንገድ መንገዱን ሲያይ፣ ሹፌሩ ደሙ አልቆ ሞተ።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ኖሯል። «ማን ነበር ሹፌሩ?» አለቻቸው።

«ታናሽ ወንድሜ። የማን መኪና እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።»

በማግስቱ ቤታችን መጥተው፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። «ይቅር ለእግዜር» አልኩ፤ እናቴ እንዳስጠናችኝ።

ዛሬ ጦርነት ሸሽተው ከሱዳን ለሚገቡ ሰዎች አስተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን «ድገሙልኝ» ለማለት አላፍርም። አብሮኝ የኖረው ግን ጥፊው አይደለም፤ መናገራቸው ነው። ሐኪሙ አገሩ ከተመለሰ ወዲያ፣ ያ ቃል በስሕተት እንደተፈታ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ ደርሶ ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ወንድማቸውን የገደሉት ሽፍቶቹ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።