በጾም የተለካ ዱላ

የቁስቋምን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው የጉልላትን ቤት ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ሞረድ ብረት ሲበላ ይሰማል፤ መዶሻ ቀስ ብሎ ያንኳኳል፤ ከዚያ ጸጥ ይልና «እህ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። የእርካታ ይሁን የንዴት ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። አዲስ ተከራይ «እዚህ ጋራዥ አለ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ነባሩ ጎረቤት «የለም፣ ጋሽ ጉልላት ዱላዎቹን እያከመ ነው» ይለዋል።

ዱላ የሚሉት የጎልፍ መምቻውን ነው። ጉልላት ዕድሜውን ቶርኖ ፊት ቆሞ ብረት ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ቢወጣም እጁ ጡረታ አልወጣም። ከጓሮው ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ የአንዱን ዱላ መያዣ ይልጣል፣ የሌላውን ራስ ያጠብቃል፣ ከጎሚስታ ቤት ለምኖ ያመጣትን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ እዚህ ለጥፎ እዚያ ያነሣል። ሚስቱ ባዩሽ «እነዚህ ዱላዎች ሰው ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ከሐኪም እጅ ሸሽተው ጫካ ይገቡ ነበር» ትላለች።

ወደ ጎልፍ ያስገባው የሣር ማጨጃ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከከተማው ማዶ ባለ አንድ የጎልፍ ሜዳ ማጨጃ ተበላሽቶ እንዲጠግን ተጠራ። የዚያን ዕለት ስለሺ የሚባል ሹፌር ጌታውን፣ አንድ አዛውንት ዶክተር፣ እየጠበቀ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ባረጀ ዱላ ኳስ ይመታ ነበር። ጉልላት ሥራውን ትቶ አፍጥጦ ቀረ።

«ይህን ያህል ካፈጠጥክ አንዴ ሞክራት» አለው ስለሺ።

ጉልላት መታ። ኳሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም፤ ሣሩ ግን ከነሥሩ ተነቅሎ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ማጨጃውን ለምን ትደክምበታለህ? ራስህ እጨደው እንጂ!»

ጓደኝነታቸው በዚህ ሳቅ ተጀመረ። ዶክተሩ ሲሞቱ ረጅሟን ዱላቸውን፣ ድራይቨር የሚሏትን፣ የመጀመሪያው ምት የሚመታባትን፣ ለስለሺ ትተውለት ሄዱ። ስለሺ ዱላዋን እንደ ሰው «እሷ» ይላት ነበር፤ ዝናብ ቢመጣ ኮቱን አውልቆ የሚያለብሰው እሷን ነው።

ጉልላት በበኩሉ የዓለምን ታላላቅ ተጫዋቾች የሚከታተለው በልጁ በትሕትና ስልክ ነው። ውድድሩ የሚደረገው ሌላው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ ጠዋት ቅጂውን ትከፍትለታለች። ድምፁን ግን አጥፊልኝ ይላል።

«አባዬ፣ ሰውየውን እኮ አላየኸውም» አለችው አንድ ጊዜ። «ማሸነፉን እንኳ አታውቅም።»

«ማሸነፍ የራሱ ጉዳይ ነው። መያዣውን አየሽው? ባለፈው ወር ቀጭን ነበር።»

እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ አንዱ ተጫዋች መያዣ ካወፈረ፣ ሳምንት ሳይሞላ ቁስቋም ላይም አንድ መያዣ ይወፍራል። ጉልላት ግን በራሱ ዱላ ላይ እንጂ በሰው ዱላ ላይ ሳይጠየቅ እጁን አያሳርፍም ነበር። እስከ ዘንድሮ ሁዳዴ።

ዘንድሮ የስለሺ ጉልበት ከዳው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግልሃል ተባለ። ሐኪሙም ከዚያ ወዲያ መራመዱን እንጂ እየተጠማዘዙ መምታቱን እንዲረሳው ነገረው። በዳግም ትንሣኤ ዕለት ደግሞ በሜዳው የአንጋፋዎች የጥንድ ውድድር አለ፤ አንዱ ይመታል፣ ኳሷ ካረፈችበት ጓደኛው ይቀጥላል። ሁለቱ በየዓመቱ ይገባሉ፤ በየዓመቱም ዋንጫው ከሌላ ሰው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ዋንጫ አላማረኝም» አለ ስለሺ ዱላዋን ለጉልላት ሲሰጥ። «በእሷ አንዴ አምሮብኝ መትቼ ልሰናበታት። መያዣዋ ተልጧል፤ እሱን ብቻ ቀይርልኝ።»

እሱን ብቻ ነው ያለው። ጉልላትም «እሱን ብቻ» ብሎ ተቀብሎታል።

ነገር ግን ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት ሁለቱም ሲለማመዱ ስለሺ ደጋግሞ ከኳሷ ኋላ መሬቱን ዛቀው። ጉልላት ትከሻውን አየ፣ ወገቡን አየ፣ ዱላዋን አየ። «ረዝማበታለች» አለ በልቡ። በማግስቱ ጠዋት በትሕትና ስልክ ላይ አንድ መለሎ ተጫዋች ዱላውን ሁለት ጣት ያህል አሳጥሮ ኳሷን ከሜዳው እምብርት ላይ ሲያስቀምጣት ተመለከተ። ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ካሳጠረ፣ ጉልበቱ የታመመ ስለሺ ምን ሊሆን ነው? ወደ ጓሮው ገባ። አሮጌውን መያዣ ላጠ፣ ብረቱን ከላይኛው ጫፍ ሁለት ጣት ቆረጠ፣ አዲስ መያዣ አለበሳት። ሸፍኖ ሲያየው ምንም አያስታውቅም። ራሱ ወጥቶ ሞከራት፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። «አምሮለት ሲመታ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ፤ የፋሲካ ስጦታ ይሆነዋል» ብሎ ፈገግ አለ። ቁራጯን ብረት ቅራቅንቦ ከሚያጠራቅምበት የወተት ጣሳ ውስጥ ወረወራት። ጉልላት ምንም ነገር አይጥልም።

ፋሲካ መጣ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። በዚያ ሰሞን ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም ረቡዕ ዕለት ሜዳ ሲገናኙ ሁለቱም ፊታቸው ወዝቷል። ስለሺ አዲሱን መያዣ ጨበጥ ለቀቅ አድርጎ «እጅህ ይባረክ፣ ሙሽራ አስመሰልካት» አለ። ከዚያ መታ። ዱላዋ የኳሷን አናት ብቻ ነካች፤ ኳሷ እንደ ተባረረች ዶሮ በሣሩ ላይ ተንከባልላ ቅርብ ቆመች።

«ዶሮው ገና አልተፈጨልህም» አለ ጉልላት።

ስለሺ ሳቀና ደገመ። ያው ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኳሷን ጭራሽ ሳታት። እየመታ በሄደ ቁጥር ሳቁ እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻ የታመመውን እግሩን ዘርግቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«በቃኝ፣ ጉሌ። ጉልበቴ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ክንዴም ዓይኔም አብረው ሄደዋል። ለእሑድ ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ኧረ ስለሺ፣ ምናልባት ዱላዋ...»

«ዱላዋን ተዋት። እሷ የዶክተሩ ናት፤ ምን ጥፋት አላት?»

የጉልላት አፍ ተከፍቶ ተዘጋ። ስለሺ ዱላዋን እንደ ከዘራ ተደግፎ ተነሣና እያነከሰ ሄደ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ አይታወቅም፣ ተመልሶ ዱላዋን ለጉልላት ሰጠው። «አንተ ጋ ትቀመጥ። ቤት ሳያት ያናድደኛል።»

ጉልላት ቤቱ ገብቶ ምሳ አልቀምስ አለ። ባዩሽ ሰሐኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ ጠበቀችው። እሷ ስትጠብቅ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ ሁሉንም ነገራት።

«መቼ ነው የለካኸው?» አለችው።

«ከሆሳዕና በፊት፣ ከሰዓት ላይ።»

«ቀምሶ ነበር?»

«በሁዳዴ ማን በዚያ ሰዓት ይቀምሳል?»

ባዩሽ ጭንቅላቷን ወዘወዘች። «እኔ የፋሲካ ቀሚሴን ሽሮ ሜዳ ስለካ ሰፊውን ትንሽ ልቀቅልኝ ሳልለው አልወጣም። ሰው በጾም ጎበጥ ይላል፣ ይከሳል፤ በፋሲካ ይቃናል። ቀሚስ እንኳ በጾም ገላ ልክ አይሰፋም። አንተ የለካኸው የተራበውን ስለሺን ነው፤ ዛሬ የመታው ደግሞ የጠገበው ስለሺ ነው። እንዴት ይድረስለት?»

ጉልላት በዓይኑ ሁለቱንም ስለሺዎች አያቸው። አንደኛው ወገቡ ዝሎ ወደ መሬት ያዘነበለ፣ ሁለተኛው ቀጥ ብሎ የቆመ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁለት ጣት ያህል ነው። ራሱ የሞከራትም በባዶ ሆዱ ነበር።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ቁራጯን ቀጥሎ መመለስና ዝም ማለት። ግን ስለሺ እሑድ አይመጣም። ክንዴ ሄዷል ብሎ፣ ዶክተሩን አሳፈርኩ ብሎ ሆስፒታል ሊገባ ነው። እሱን ከዚያ የሚመልሰው የተጠገነ ዱላ ሳይሆን እውነቱ ብቻ ነው።

ጣሳውን ገልብጦ ቁራጯን አገኛት። ከባዩሽ የተሰበረ ዘነዘና የወይራ እንጨት ቆርጦ፣ በሞረድ አሹሎና አለስልሶ፣ ቱቦው ውስጥ ልክ የሚገባ ማያያዣ ሠራ። በማጣበቂያ አጥብቆ ቁራጯን በቦታዋ መለሰ። መያዣውን ግን አላለበሰም። አለብሶት ቢሆን ኖሮ ስፌቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ስለሺ ቁርጡን በዓይኑ እንዲያየው ፈለገ። መያዣውን ለብቻው ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ዓርብ የስለሺ ቤት ወዳለበት ወደ ሸጎሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። «ፋዘር፣ ዱላውን ወደ ውስጥ! ሰው ሊፈነክቱ ነው እንዴ?» አለው ረዳቱ። ጉልላት «እኔ ነኝ የምፈነከተው» ብሎ ሰበሰበው።

በሩን የከፈተችው የስለሺ ሚስት ማሚቴ ናት። «እንዴ ጋሽ ጉልላት! እንኳን አደረስዎት፣ ይግቡ ይግቡ» ብላ ጠላ ልትቀዳ ዞረች። ስለሺ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ጉልላት ሳይቀመጥ ተናገረ። ስለ መለሎው ተጫዋች፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሁለቱ ጣት፣ አንድም ሳያስቀር። ከዚያ ዱላዋን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

ስለሺ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ቆረጥካት?»

«ቆረጥኳት።»

«መያዣ ብቻ ነበር ያልኩህ።»

«አዎ።»

«ረቡዕ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ ክንዴ ሄደ ስልህ ታውቅ ነበር?»

«መቁረጤን አውቅ ነበር። ጥፋቱ የመቁረጡ መሆኑን ጠረጠርኩ እንጂ እርግጠኛ የሆንኩት ቤቴ ገብቼ ነው።»

«ጠርጥረህ ዝም አልከኝ!» ስለሺ ድምፁ ተሰበረ። «መቁረጥህስ ይሁን። እኔ ራሴን ስቀብር ቆመህ አየኸኝ።»

ማሚቴ ጠላውን እንደያዘች ቆመች። «ኧረ ስለሺ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል።»

«ይሄ ገና አይደለም፤ ፋሲካ ነው!»

ማሚቴ ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስለሺ ግን አልሳቀም። «እዚያ አስቀምጣትና ሂድ» አለ። ጉልላት ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ መያዣውን ከጎኗ አኑሮ ወጣ። ጠላው ሳይቀመስ ቀረ። በፋሲካ ሳምንት ከጓደኛ ቤት አፍን ደረቅ አድርጎ መውጣት እንዴት እንደሚከብድ የወጣበት ያውቀዋል።

እሑድ ጉልላት ሌላ ሰው ሳይፈልግ ብቻውን ሜዳ ሄደ። አስተናባሪው የጥንዶቹን ስም እየጠራ ወደ እነ ጉልላት ተራ ሲቃረብ «ጓደኛህስ?» አለው። «ይመጣል» አለ። ለምን እንዳለ አላወቀም። ስማቸው ተጠራ። አስተናባሪው ወደ ቀጣዮቹ ሊያልፍ አፉን ሲከፍት ስለሺ በማሚቴ ትከሻ ተደግፎ በበሩ ገባ።

ሰላምታ የለም። ስለሺ በቀጥታ ወደ መምቻው ቦታ ሄዶ ዱላዋን አወጣ። የጉልላትን መያዣ አላለበሳትም። በድሮው ሹፌር እጅ የተጠለፈ፣ የመኪና መሪ የሚሸፈንበት ቆዳ ተጠምጥሞባታል።

«ራሴ አለበስኳት» አለ ወደ ጉልላት ሳይዞር። «አንተ ብታለብሳት ደግሞ ምኗን እንደምትቆርጥ አላውቅማ።»

ከኋላ ያሉት አንጋፋዎች ሳቁ። ጉልላት ግን ትንፋሹን ውጦ ያየው የስለሺን ወገብ ነበር። ስለሺ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዱላዋን ወደ ኋላ ወሰደ፣ የታመመው ጉልበቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ መታ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ኳሷ ብዙ አልራቀችም፤ ግን ሳትጠማዘዝ ተነሥታ ከሜዳው መካከል አረፈች። ስለሺ ዱላዋን ወደ መሬት ሳይመልስ ኳሷ እስክትቆም ድረስ እንደዚያው ተገትሮ ቀረ።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አለ። «አታበላሻት።»

ጉልላት ግን አበላሻት፤ ከዛፎቹ መካከል ላካት። ስለሺ ከዚያ አወጣት፤ ጉልላት ደግሞ መልሶ ዛፎቹ ውስጥ አስገባት። እንዲህ እየተሰዳደቡ ሜዳውን ዞሩት። ዋንጫው ዘንድሮም ከሌላ ሰው ጋር ሄደ።

ሲጨርሱ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ድሮ ከተገናኙበት፣ ጎን ለጎን ቆሙ። ስለሺ የማሚቴን ትከሻ ተደግፎ ዱላዋን በኮቱ እያበሰ ነበር።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከዘራ ያስፈልግሃል ብለውኛል።»

«እሠራልሃለሁ። ወይራው ተርፎኛል።»

«መሥራቱንማ ትሠራለህ። ግን ሳትነግረኝ አንድ ጣት እንኳ ብትቆርጥ...»

«አልቆርጥም።»

«ደግሞ በልቼ እያለሁ ለካኝ።»

ጉልላት ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። «ዛሬ በልተሃል?»

«ማሚቴን ጠይቃት፤ ያቀረበችልኝን እሷ ትንገርህ።»

ጉልላት ከሣሩ ላይ ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ ከስለሺ ጫማ አጠገብ አስነካ። ስለሺ ደግሞ የማሚቴን ትከሻ ለቀቀና የቻለውን ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ።