የባለቁልፏ ቤት

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን የፈጀችው የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ነው። ከስፌት መኪናዋ ጎን ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ እግሯ ይረግጣል፣ እጇ ጨርቁን ይገፋል፣ ዓይኗ ግን ከገጹ አይነቀልም። በዚህ ከተማ አንዱ እጅጌ ከሌላው የረዘመ ሸሚዝ ለብሶ የተማረ ልጅ ካለ ጥፋቱ የደራሲው ነው።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ከመንገድ ምልክት ሌላ ብዙም አላነብም። የምትወደውን ልብ ወለድ ግን ሳላነበው በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እራት በቀረበ ቁጥር ስትግተኝ ኖራለች። ደራሲው የራሱን ልጅነት ነው የጻፈው። በእሱና በበሽተኛ እናቱ ላይ በዝናብ በር የዘጋች አንዲት ክፉ አከራይ አለች፤ ቁልፎቿን ወገቧ ላይ አስራ ትዞራለች። «ባለቁልፏ» ይላታል። በእኛ ቤት ይህ ስም ስድብ ነው። ስኳር ከደበቅኩ ባለቁልፏ እኔ ነኝ፤ ቁም ሳጥኑ ከተቆለፈ ባለቁልፏ እሷ ናት። ልጆቻችንም በዚሁ ሲሰዳደቡ አደጉ።

ጡረታ ስወጣ «የት ልውሰድሽ?» አልኳት። ባሕር ዳርቻ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ደራሲው ያደገበት ከተማ» አለች።

ዕድሜዋን ሙሉ ዕረፍት ወጥታ አታውቅም፤ እሺ አልኩ። ሄደን ድልድዩን አየን፤ መጽሐፉ ውስጥ ትልቅ ነው፣ በዓይን ሲያዩት ግን አውቶቡሴ አያልፍበትም። ትምህርት ቤቱን አየን፤ እሷ አጥሩን እየዳበሰች አለቀሰች፤ እኔም አዲሱ ጫማ ተረከዜን ልጦኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ያረፍነው ደራሲውና እናቱ ተከራይተውት በነበረው ቤት ነው። ያከራየን አንድ ጎልማሳ ሲሆን፣ እንግዳ የሚያስተናግዱት እናቱ ናቸው፤ እማማ አልናቸው። የሚስቴን እግር ማበጥ አይተው፣ ሳንጠይቃቸው ሙቅ ውሃ በሳፋ አመጡላት።

በማግስቱ ጠዋት የደራሲውን መቃብር ልናይ ስንሰናዳ ሚስቴ ሻንጣውን ቆለፈች። «ባለቁልፏ!» አልኳት እንደ ልማዴ። ተሳሳቅን። ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም፤ እማማ ሻይ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«ይቺን ስም አውቃታለሁ» አሉ። «እንግዳ ሁሉ ደጅ ቆሞ ይጠራታል። እናቴ ናት አይደል? ቁልፏን ከወገቧ አትፈታም ነበር።»

ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ክፉዎቹ ልጅ የሚወልዱ አይመስለውም።

«ልጄ ‹ደራሲው አያቴን አመስግኗታል› ይለኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ አንቺ አንብቢልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለሷ የሚያወራኝ ሰው የለም።»

«ረጅም ነው እኮ እማማ፣ ይደክምዎታል» አለች ሚስቴ።

«ጊዜ ሞልቶኛል» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሚስቴ አየችኝ። እኔ ደግሞ መስኮቱን አየሁ፤ የመከረኝ ነገር የለም። መጽሐፉን ገለጠች። ስለ ግቢው ዛፍ አነበበች፤ ስለ ቁልፎቹ ድምፅ አነበበች፤ ከዚያ እራት ላይ ሰምቼው የማላውቀውን አመጣች። «ባለቁልፏ በሩን ከፈተችልን። እናቴንም ደግፋ አስገባቻት።» ከራሷ ፈጥራ ነው። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስለ ሸሚዝ እጅጌ ካልሆነ በቀር ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ፊታቸው ፈካ። እኔም እፎይ አልኩ።

«ደግ ነው» አሉ ቆይተው። «የሚስቁበትስ የቱ ጋ ነው?»

«ምን አሉኝ?» አለች ሚስቴ።

«እንግዶቹ ደጅ ቆመው ያነባሉ፤ ከዚያ በሩን እያዩ ይስቃሉ። እናንተም አሁን ስሟን ጠርታችሁ ሳቃችሁ። ያነበብሽልኝ ግን አያስቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ሚስቴ መጽሐፉን ልትዘጋ ስትል እማማ እጃቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

«አንብቢ ልጄ። አገር የሚያውቀውን እኔ ልጇ አልወቅ?»

አነበበች። «ባለቁልፏ በመስኮት አየችን። ቁልፉን ሁለቴ አዞረችና ጥርሷን አሳይታ ሳቀችብን።» ይህንን ስታነብ ሁልጊዜ የክፉ ሴት ድምፅ ታወጣ ነበር፤ ያን ጠዋት የራሷም ድምፅ አልወጣ አላት።

እማማ እጃቸውን ከገጹ ላይ አነሡ።

«ዘግታባቸው ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ናት፣ ይከፋታል። ግን እናቴ ጥርስ አልነበራትም። ታፍር ነበር። እኔ ልጇ እንኳ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።» ከአልጋው ተነሡ። «ለልጄ እንዳትነግሩብኝ። የማውቅ አይምሰለው፤ ለኔ ብሎ ነው።»

ወደ መቃብሩ አልሄድንም፤ ሚስቴ «ይቅር» አለች። ሻንጣችንን ይዘን ስንወጣ አዲስ እንግዶች ደጅ ደርሰው ነበር። አንዷ ልጅ መጽሐፉን ከፍታ፣ ድምጿን አጎርንና ታነባለች፤ ሌሎቹ በሩን እያዩ ይስቃሉ። እማማ ሻይ ይዘው ወጡላቸው።