ዶማ የነካው ድንች

ያን ዕለት ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር መስፍን፣ ሁሌ ከኋላ የሚቀመጠው ቶሎሳ፣ መንትዮቹ ቦንቱና ቦና፣ ጎጆ ከምትባለው የገጠር ከተማ መጥታ ከዘመዶቿ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትማረው ሌሊሴ፣ እና እኔ። የቀሩትን አምቦ ላይ የወረደው ዝናብ ከቤት አስቀርቷቸው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ነበርን።

ያ ክፍል ሲዘንብ እርጥብ ሹራብና ጠመኔ ይሸት ነበር። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ቲቸር እንዲህ ባለ ቀን ማስረዳቱን ትቶ ያጫውተናል። ከቤት አንዳንድ ዕቃ አምጡ ብሎን ነበር። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ እያንዳንዳችን ስላመጣነው ነገር በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን፤ ወረቀቱ የደረሰው ልጅ አንብቦ ዕቃውን ያነሳል። «ዊች» የምትለዋን ቃል ማስገባት ግዴታ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን በስሙ ጥሩ፣ ከዚያ የትኛው እንደሆነ በ«ዊች» አስከትሉ ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈልን።

ቶሎሳ የብስክሌት ደወል፣ መንትዮቹ ማንኪያና ማበጠሪያ አመጡ። እኔና ሌሊሴ ሳንነጋገር ድንች ይዘን መጣን። እኔ ሌላ ዕቃ ይዤ ወጥቼ ቢጠፋብኝስ ብዬ ፈርቼ ነው። እሷ ግን እናቷ ከላከችላት ስንቅ በቀር የራሴ የምትለው ብዙ ነገር አልነበራትም።

«ቲቸር፣ ሲያልቅ ይቀቀል?» አለ ቶሎሳ።

«ጨው ካመጣህ» አለው ቲቸር። ዝናቡ እስኪረሳን ሳቅን።

እኔ «ክብ የሆነ ድንች» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ የደረሳት ቦንቱ ሁለቱን ድንች ብታገላብጥ ብታገላብጥ ቸገራት። «አንቺ፣ ሁለቱም ክብ ናቸው እኮ!» አለችና የሌሊሴን አነሳች። የሌሊሴ ወረቀት ደግሞ «እናቴ ስትቆፍር ዶማዋ የነካው ድንች» ይል ነበር። ቶሎሳ እንዳነበበ ጠባሳ ያለውን ከቦንቱ እጅ ነጠቀ። ቲቸር ወደ እኔ ዞሮ፣ «በሌላውም ላይ ያለውን ከጻፍሽ ማን ያገኝልሻል? የደረሰበትን ጻፊ» አለኝ።

እኔ ያን ዓመት ሳልጨርስ ትምህርት ተውኩ። ሌሊሴ ገፋችበት፤ ኋላ አባቷ ሲሞቱ ዓረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። እናቷ አዴ ቢፍቱ በገበያ ቀን ከጎጆ ሲወርዱ እኔ ቤት ሳይገቡ አይመለሱም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰማሽው አለ?»

«የለም፣ አዴ።»

«የሞተ ይቀበራል» ይላሉ ነጠላቸውን እያጣፉ፤ «የጠፋ የት ይቀበራል?»

አንድ ጊዜ ከዚያው አገር የተመለሰች ሴት መኪና ተራ አገኘሁ። ሌሊሴን አይታት እንደሆነ ስጠይቃት ምን እንደምትመስል ጠየቀችኝ። «ጠይም ናት፣ ረዘም ትላለች» አልኩ። «እህቴ፣ እዚያ ያለነው ሁላችንም ጠይም ነን» አለችኝና ባጃጅ ውስጥ ገባች። ባጃጁ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አሁንም ክብ የሆነ ድንች ነበር ያልኩት።

ያኔ ስህተቴ ጨዋታ ነበር፤ ስቀን ወደ ቤታችን ሄድን። ዛሬ ትንሿ ልጄ ከበር ስትወጣ የለበሰችውን፣ የትኛው ቁልፍ እንደጎደላት፣ ጉልበቷ የት እንደተላጠ አይቼ ነው የምለቃት። እሷ ምሳ ሰዓት ትመለሳለች። ሌሊሴ ትመለሳለች የሚል ተስፋ ግን የለኝም፤ ለአዴ ቢፍቱ ልነግራቸው አልደፍርም እንጂ እሳቸውም የላቸውም።

ያን ዕለት የነበራችሁ፣ ያልነበራችሁም፦ ግራ ቅንድቧ ላይ ፍልጥ መትቷት ጠባሳ ያለባትን፣ ስትስቅ አፏን በክንዷ የምትከልለውን፣ በዝናብ ቀን ያን ድንች መልሳ ኪሷ ከትታ የሄደችውን ሌሊሴን ያያችሁ ካላችሁ ንገሩን። በሕይወት ባትኖርም ንገሩን።